አሽዋጋንዳ፦ ከመግዛታችሁ በፊት አንገታችሁን ዳብሱ

ዋጋው 2,800 ብር ነው። ብልቃጡ ውስጥ 60 ካፕሱል አለ። በቀን ሁለት ውሰዱ ይላል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቀድሜ የማደርገው ማካፈል ነው፤ በቀን 93 ብር ከምናምን ይመጣል። እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ 93 ብር ይዞ የወጣ ሰው ሽሮ ለመብላት ትንሽ ነው የሚጎድለው።

ዕቃው አሽዋጋንዳ ይባላል። ቲክቶክ የሚከፍት ሰው ሳይገጥመው አይቀርም። ጭንቀት ያጠፋል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ጸጉር ያበቅላል፣ ትዳር ያሞቃል። ደብተራ እንኳን በአንድ ክታብ ይሄን ሁሉ ቃል አይገባም። የአምራቹንም ሆነ የሱቁን ስም አልጠራም። ሌላ ሁለት ቦታ ጠይቄ የገጠመኝ ያው ነው፤ አንዱን ለይቶ መውቀስ አይሆንልኝም።

ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ጊዜ በጠዋት ይነሳል፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርሱን ይበላል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፣ ደጀን ሲደርስ ደውሎ "ድስቱን ጣጂ" ይለኛል። መንገድ ሲዘጋ ግን የት እንዳደረ አይታወቅም። ስልክ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። ጎጃም ውስጥ ያለ ሰው ይሄን አብራሪልኝ አይልም።

በዚያ ላይ ሰኔ ደረሰ። የምሠራው የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። ብድር የወሰዱት አባሎቻችን አብዛኞቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዕቃ ካልገባላቸው በምን ይከፍላሉ? ይሄንን እኔም አውቃለሁ፣ ሥራ አስኪያጁም ያውቃል። ኦዲተር ግን የሚያውቀው ቁጥሩን ነው።

እንቅልፌ ጠፋ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ቁልጭ ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልቤ ደግሞ ከቆርቆሮው ጋር ይፎካከራል። ቀን ላይ በማይረባ ነገር ልጆቹ ላይ እጮሃለሁ። ትንሿ ልጄ "እማ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አናደደሽ?" ማለት ጀመረች። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይሄን ስትሰማ "እኔ በአሽዋጋንዳ ነው የተኛሁት፣ ፈልገሽ ግዢ" አለችኝ።

ያገኘሁት ፋርማሲ ውስጥ አይደለም። ኮስሞቲክስ ቤት ነው፣ በሽቶና በጸጉር ቅባት መሐል። ሻጯ ትሑት ልጅ ነች፣ ወንበር ሰጥታኛለች። ስለ ዕቃው የምታውቀው ግን ዋጋውን ብቻ ነው። "ከደም ግፊት መድኃኒት ጋር ይሄዳል?" ብዬ ጠየቅኋት። ግፊት የለብኝም፤ መልሷን ለመስማት ነው። "ተፈጥሯዊ እኮ ነው እትዬ፣ ምንም የለውም" አለችኝ።

ይሄ መልስ ያናድደኛል። አስተናግርም ተፈጥሯዊ ነው። ከአጥር ሥር ይበቅላል፣ ነጭ አበባው ያምራል፣ ፍሬውን የበላ ሰው ግን አብዶ ይውላል። የሚገርመው ደግሞ ኋላ ሳነብ እንዳየሁት አሽዋጋንዳና አስተናግር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ድንችም፣ ቲማቲምም፣ በርበሬም ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። እንግዲህ ከአንድ ቤት ቡሬን ያስጠራው በርበሬም፣ የሚያሳብደውም ይወጣል ማለት ነው።

ደረሰኝ ጠየቅሁ፣ የለም። ብልቃጡን አዙሬ አየሁት። የአስመጪ ስም የለም። የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን መዝግቦታል የሚያሰኝ ምንም ጽሑፍ የለበትም። መጠቀሚያ ጊዜው ከታች ተመትቷል፤ ግን ግማሹ ለቋል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ማስጠንቀቂያ አለ። እቤት ወስጄ ልጄን በስልኳ አጉልታ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ችግር ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ያማክር ይላል። ሱቁ ውስጥ "ምንም የለውም" የተባለው ይሄ ነው።

እናቴ በዚያን ሰሞን እኔ ዘንድ ነበረች። አገሯ ከደጀን ወረድ ብሎ ወደ ዓባይ በረሃው በኩል ነው። ብልቃጡ ላይ የተክሉ ሥዕል አለ፤ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ቀይ ትንንሽ ፍሬው በስስ ሽፋን የተከለለ። ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃን ጠጋ አለች።

"ይሄማ ግዛዋ ነው!"

"የህንድ መድኃኒት ነው" አልኳት።

"ህንድም ይብቀል ሌላ፣ ግዛዋ ነው። ስንት ከፈልሽበት?"

ነገርኳት። በሞቴ ብትሉኝ አልደግመውም እንጂ ብዙ አለችኝ። "እኛ ከአጥር ሥር ነቅለን የምንጥለውን እናንተ በሺህ ብር ትውጡት?" ካለችው ውስጥ የሚጻፈው ይሄ ብቻ ነው። በእነሱ አገር ግዛዋ ቡዳ በላው ለተባለ ሰው ይታጠናል፤ ሥሩም ለልዩ ልዩ ነገር ይፈለጋል። ለእንቅልፍ ብሎ በካፕሱል የዋጠው ሰው ግን አታውቅም።

አጣራሁ። እናቴ ልክ ነች። የሁለቱም የሳይንስ ስም ዊታንያ ሶምኒፌራ ነው። ያው ተክል ህንድ ውስጥ እየታረሰ፣ ሥሩ ተፈልጦ፣ ተጨምቆ፣ በካፕሱል ታሽጎ ነው የሚመጣው። ታዲያ እናቴ ወዲያው "ዘመድ ልላክና ይነቀልልሽ" ስትል እምቢ አልኩ። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው የሥሩ ጭማቂ ነው፣ የተመጠነም ነው፤ ቢያንስ ብልቃጡ እንደዚያ ይላል፣ ዊታኖላይድ የሚባለው ንጥረ ነገር 5 በመቶ ብሎ። ከአጥር ሥር የተነቀለውን ማን ይመጥነዋል? ቅጠሉ፣ ፍሬውና ሥሩ የሚሠሩት ሥራም አንድ አይደለም። ለመታጠኑ አላውቅም፣ ለመዋጥ ግን የጓሮውን ተዉት።

ካፕሱል አንድ ከፍቼ አየሁ። ነጣ ያለ ቡናማ ዱቄት ነው። ጠረኑ የፈረስ ጋጣ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይሄን ጠረን ያውቀዋል። ጣዕሙ ደግሞ ምሬት ነው፤ ከምሬቱም ኋላ ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ነገር አለው።

ለመጀመር ስዘጋጅ ሁለት ነገር አገደኝ።

አንደኛው ጾሙ ነው። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም አለ። ካፕሱሉ ራሱ የተሠራው ከጄላቲን ነው፣ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚገኘው፤ የከብት ይሁን የአሳማ ግን አልተጻፈም። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። "ሐኪም አዞልሽ ነው?" አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። "እንግዲያው ምን አስቸኮለሽ? ጾሙን ፍቺና ጀምሪ" አሉኝ። ከዕፅዋት የተሠራ ሽፋን ያለውም እንዳለ ኋላ ነው ያየሁት፤ በብልቃጡ ላይ ሴሉሎስ ወይም የአትክልት ካፕሱል ይላል። የምትጾሙ ሰዎች እሱን ፈልጉ። ሻጭ እንዲህ ያለ ነገር አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው። የማኅበራችን አባል የሆነ አንድ ፋርማሲስት አለ። ብልቃጡን አሳየሁት። እሱ ግን ብልቃጡን ትቶ አንገቴን ነው ያየው።

"እትዬ፣ እንቅርት አለብዎት?"

"እኔ የለብኝም።"

"በቤተሰብስ?"

ሳቅሁ። በእኛ ቤተሰብ የሌለበትን ቢጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር። እናቴ አለባት። ሁለት አክስቶቼ ነበረባቸው። የእናቴ አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ የተነቀሰ አይደለም፤ እንቅርቱ እንዲከስም ተብሎ ነው በልጅነቷ የተነቀሰችው። አልከሰመም። በደጋው አገር ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። አዮዲን ያለው ጨው ከመጣ ወዲህ ተሻሽሏል ቢባልም፣ ገበያ ቀን ቆማችሁ የእናቶችን አንገት ብታዩ የምለው ይገባችኋል።

ፋርማሲስቱ የነገረኝ እንዲህ ነው። እንቅርት ማለት የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ ነው። አሽዋጋንዳ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሆርሞኑ ቀድሞም ለበዛበት ሰው ይሄ በእሳት ላይ ጭድ ነው፤ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ለሚወስድ ሰውም የሐኪሙን ልክ ያዛባበታል። አስቡት እንግዲህ። ልቧ እየመታ እንቅልፍ ያጣች ሴት ጭንቀት ነው ብላ ይሄን ትገዛለች። የልቧ ምት ግን ከእንቅርቷ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የዋጠችው መድኃኒት ሳይሆን ማባባሻ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ክሊኒክ ሄጄ የታይሮይድ የደም ምርመራ አደረግሁ። ደህና ሆነ። የምርመራውንም ብር በዋጋው ላይ ደምሩት፤ 2,800 ያልኳችሁ ብቻውን አይደለም።

ፋርማሲስቱ ሌላም ጨመረልኝ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ስኳሩንም ግፊቱንም ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ያደነዝዛል። ነፍሰ ጡር ጨርሶ አትንካው። ጉበታቸው የተጎዳባቸው ሰዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ጭራሽ ከልክላዋለች።

ይጠቅማል የሚሉትም ዝም ብለው አይደለም። ህንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነው። 64 ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ 300 ሚሊግራም የሥሩን ጭማቂ በቀን ሁለቴ፣ ግማሾቹ ባዶ ካፕሱል፣ ለ60 ቀን ወሰዱ። ጭማቂውን የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለል አለ፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም በደማቸው ውስጥ ቀነሰ። ጥሩ ነው። ግን 64 ሰው ማለት የእኛ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ነው። ጥናቱ የተሠራበት ጭማቂ እኔ ብልቃጥ ውስጥ ስለመኖሩስ ማን ይፈርማል? ደረሰኝ እንኳን የለኝም።

ሐምሌ 5 ጾሙ ተፈታ፣ ጀመርኩ። ጠዋት አንድ፣ ከእራት ጋር አንድ።

መጀመሪያ አካባቢ ሆዴን ከመንፋት በቀር ምንም አላደረገኝም። በባዶ ሆድ የወሰድኩት ቀንማ ምሳ ሰዓት ድረስ ሲያጉረመርም ዋለ። ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መንቃቱ አልቀረም፣ ልቤ ግን እንደ ድሮው አይዘልም። ነቅቼ፣ ዝናቡን ሰምቼ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ቀን ላይ ግን ስምንት ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይከደናል። የጠዋቱን ትቼ የማታውን ብቻ ስወስድ እሱ ቀለለኝ።

አሁን የሒሳብ ሠራተኛነቴን ተሸክሜ ልናገር። ፋርማሲስቱ በዚያው ቀን "የማታዋን ቡና ይተዉ" ብሎኝ ነበር። ከሥራ ገብቼ ከጎረቤት ጋር እስከ በረካ የምጠጣው ሰው፣ እሱን ትቻለሁ። ሰኔ 30ም አልፏል። ኦዲተሩ ገና ነው፣ ግን መዝገቡ ተዘግቷል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደግሞ ባለቤቴ ገባ። ከስቶ፣ ጺሙን አሳድጎ፣ ጭነቱን ይዞ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የተኛሁት እንቅልፍ የካፕሱሉ ነው የሰውየው? አራት ገቢ በአንድ ቀን አንድ ሒሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛው ብር ከየት እንደመጣ ለይልኝ ማለት ነው። ባለቤቴ "የኔ ነው" ይላል፤ እሱ እንኳን የሚለው አያጣም።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። በዚያን ሰሞን ጎረቤት ልቅሶ ነበር። የማውቃቸው፣ የምወዳቸው እናት ናቸው የሞቱት። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እንባ እምቢ አለኝ። እኔ እኮ ለማላውቀው ሰው የማለቅስ ሴት ነኝ። ውስጤ ገደል ገብቶ ሳይሆን ለስለስ ብሎ ተኝቷል፤ የሚያስደስተውም የሚያሳዝነውም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ካፕሱሉ ይሁን ድካሙ መማል አልችልም። ካቆምኩ በኋላ ግን እንባዬ ተመልሷል፣ ባለቤቴም ምስክር ነው።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ፤ ጄላቲኑ እንደገና ቸገረኝ። የቀሩትን ካፕሱሎች እየከፈትኩ ዱቄቱን በተልባ መጠጣት ጀመርኩ። ተልባ ያልሸፈነው ምሬት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። በማር ላሺው ቢሉኝም ብልቃጡን ለመጨረስ ያህል ብቻ ታገልኩት። ጨርሼ ስተው ምንም አልሆንኩም፤ እንቅልፍ አልነሳኝም፣ አላማረኝም። ይሄን ለጥሩነቱ እቆጥርለታለሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለካፕሱሉ ከአምስት ሁለት ተኩል። ሁለቱ ለልቤ፣ ግማሹ ስላላስለመደኝ። ለሽያጩ አንድ፣ እሱም ለወንበሩ። ሁለተኛ ብልቃጥ አልገዛም። 2,800 ብሩን ይዤ የምሄደው ሐኪም ጋ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ሁለት ወር ከቀጠለ ያ የካፕሱል ጉዳይ አይደለም። የማታዋን ቡና ግን እስካሁን አልመለስኳትም። እሷን መተው ነፃ ነው። ጎረቤቶቼ በጣም ተቀይመዋል።

መግዛታችሁ ካልቀረ ፋርማሲ ሂዱ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የአስመጪውን ስም ፈልጉ፣ መጠቀሚያ ጊዜው የለቀቀውን አትንኩ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ብልቃጡንም መድኃኒታችሁንም አንድ ላይ ይዛችሁ ለሐኪም አሳዩ። እናቶች፣ አንገታችሁን ዳብሱ። በቤተሰብ እንቅርት ካለ መጀመሪያ የደም ምርመራ አድርጉ።

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ከእህቴ ሰምታለች። "የተረፈሽ ካለ በሰው ላኪልኝ፣ እንቅልፍ ገደለኝ" አለችኝ። እሷ እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ታይሮክሲን በየቀኑ ትወስዳለች። የለኝም፣ ቢኖረኝም አልልክልሽም አልኳት። ለእህቴ ደውላ "ሺህ ብር ከፍላ ጠግባ ለእኔ ከለከለችኝ" ብላለች። እኔ ደግሞ ለባሏ ደውዬ ሐኪሟ ጋ እስኪወስዳት ድረስ ከየትም እንዳይገዛላት ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ይወስዳታል።